የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አሰጣጥ፦ ከመነሻ ካርታው እስከ በሩ ሰሌዳ

ይህ መመሪያ በማዘጋጃ ቤት፣ በመሬት አስተዳደር ወይም በከተማ ፕላን ክፍል ሆነው የከተማቸውን አድራሻ እንዲያደራጁ ለተመደቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የእድር ጸሐፊዎችና የሰፈር ኮሚቴዎችም ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል፤ ሥራው ያለ እነሱ አይሳካምና። ምሳሌዎቹን በአብዛኛው የወሰድኩት ከአዲስ አበባ ነው። ዘዴው ግን አንድ አስፋልትና ጥቂት ኮብልስቶን ላላት የወረዳ ከተማም ይሠራል፤ እንዲያውም ከተማው ሳይሰፋ ቢጀመር ድካሙም ወጪውም ይቀንሳል።

መጀመሪያ ይህን ወስኑ፦ አድራሻው በምን ላይ ይቆማል?

አዲስ አበባ ውስጥ ከቦታው ተነቃንቆ የማያውቅ አንድ ቤት እናስብ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ በኋላ ቤቱ በከፍተኛና በቀበሌ ተመዝግቦ ቁጥር ተሰጠው። ቆይቶ "ከፍተኛ" የሚባለው ቀርቶ "ወረዳ" ተባለ፤ አድራሻው ተለወጠ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ቀበሌዎቹ እንደ አዲስ ተሸነሸኑ፤ አድራሻው ዳግም ተለወጠ። ከዚያ ቀበሌ ቀርቶ ወረዳ በሌላ መልኩ ተመለሰ። በመጨረሻም ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲቋቋም በዚያ በኩል ያሉ ቤቶች የክፍለ ከተማ ስማቸውን ጭምር ቀየሩ። ቤቱ ግን ያው ቤት ነው፤ በሩ ያው በር ነው። የባለቤቱ ካርታ፣ የውሃ ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያና የነዋሪነት መታወቂያ አራት ዓይነት አድራሻ ይዘው ቢገኙ የሚያስገርም አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ቁጥሩ ራሱ ነው። የቀበሌ የቤት ቁጥር የተሰጠው በአመዘጋገብ ቅደም ተከተል ስለሆነ ከ412 ቀጥሎ 87 ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ቁጥር ቤቱን ከሌሎች ቤቶች ለመለየት ይረዳል፤ ቤቱ የት እንዳለ ግን አይናገርም። ስለዚህ ሰው ሁሉ "ከሚካኤል ወረድ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ጥቁር በር" እያለ ይኖራል። ይህ ለእንግዳ ይሠራል። 907 ተደውሎ አምቡላንስ ሲጠራ፣ ወይም 939 ተደውሎ የእሳት አደጋ መኪና ሲጠበቅ ግን አንድ ሰው አስፋልት ድረስ ሮጦ ወጥቶ እጁን ማውለብለብ አለበት። ብቻዋን ምጥ የያዛት እናት ማንን ትልካለች?

ስለዚህ ከሁሉ በፊት በቃለ ጉባኤ የሚጸድቀው ውሳኔ ይህ ይሁን፦ አድራሻ የሚቆመው በመንገዱና በመንገዱ ላይ ባለው ርቀት ነው። ወረዳና ክፍለ ከተማ በመዝገብ ላይ ይጻፉ፤ ደብዳቤም ላይ ይጻፉ፤ የቤት ቁጥሩን ግን አይወስኑ። የአስተዳደር ወሰን ነገ ይለወጣል፤ መንገድ ግን በቀላሉ አይነቃነቅም።

አንደኛ ደረጃ፦ ካርታ መያዝና ሰው መጠየቅ

የቅርብ ጊዜ የአየር ፎቶ ወይም የሳተላይት ምስል፣ ካዳስተር (የይዞታዎች ልኬትና ምዝገባ) የተሠራበት ከተማ ከሆነም የይዞታ ካርታውን አግኙ። በላዩ ላይ እያንዳንዱን መንገድ በመሐል መስመሩ ሳሉት፤ ከመኪና መንገድ አልፋችሁ ሰው በእግሩ ብቻ የሚያልፍበትን ቀጭን ቅያስ፣ በድንጋይ ደረጃ የሚወረድበትንም አትተዉ። ድሃው የሚኖረው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። በጀት ከሌላችሁ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ያለውን የከተማችሁን ካርታ በነፃ ወስዳችሁ በእግር ጉዞ ማረም ትችላላችሁ።

ካርታው ሲያልቅ ወደ ሰው ሂዱ። ቢሮ ውስጥ ስም አውጥቶ ሕዝብ ላይ መጫን የዚህ ሥራ ትልቁ ጥፋት ነው። አፍሪካ ጎዳና የሚለው ይፋዊ ስም ስንት ዓመት ቢሆነውም ሰው ሁሉ የሚለው "ቦሌ መንገድ" ነው። ሰባራ ባቡር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ ቶታል ሦስት ቁጥር የሚባሉትን ማንም ምክር ቤት አላጸደቃቸውም፤ ሆኖም ከተማው የሚመራው በእነሱ ነው። ስለዚህ የታክሲ ረዳቶችን ምን ብለው እንደሚጠሩ፣ የባጃጅ ሾፌሮችን ተሳፋሪ ምን ብሎ እንደሚሳፈር፣ በጉሊት የሚሸጡ እናቶችን ጠዋት ከየት ወዴት እንደሚሄዱ፣ የእድር ለፋፊውን በየትኛው ቅያስ እየዞረ እንደሚለፍፍ ጠይቁ። ለእያንዳንዱ መንገድ የሰማችሁትን ስም ሁሉ በቅጽ ላይ አስፍሩ፤ የጠያቂውን ስም፣ ቀኑንና ስንት ሰው እንዳለው ጨምሩ። ወጣቱ አንድ፣ አዛውንቱ ሌላ ስም የሚሉበት መንገድ ካለ ሁለቱንም መዝግቡ። ምርጫው በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መንገዶቹን በደረጃ መክፈልና መነሻቸውን መወሰን

ሁሉም መንገድ ስም አያስፈልገውም። ይህን ያልተረዳ ኮሚቴ ለሁለት ሺህ ቅያስ ሁለት ሺህ ስም ሊያወጣ ተቀምጦ፣ በየስሙ ተጨቃጭቆ፣ መቶው ላይ ሳይደርስ ይበተናል። ሦስት ደረጃ በቂ ነው። ሰፊውና ከተማውን የሚያቋርጠው "ጎዳና" ይባል። ሰፈርን ከሰፈር የሚያገናኘው "መንገድ" ይባል። ከእነዚህ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ የሚገባው "ቅያስ" ይባል። ስም የሚወጣው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ብቻ ነው። ቅያስ ቁጥር ብቻ ይይዛል፤ ቁጥሩንም የሚሰጠው ራሱ መንገዱ ነው። እንዴት እንደሆነ አራተኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ እያንዳንዱ መንገድ ከየት ይጀምራል የሚለው ይወሰናል። እዚህ ላይ ሌሎች አገሮች የሠሩት ሥራ ያግዛል። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1805 በወጣ ድንጋጌ ቤቶቿን ስትቆጥር ዋና ማጣቀሻ ያደረገችው የሴን ወንዝን ነው፤ ከወንዙ ጎን ለጎን የሚሄድ መንገድ በውሃው አፈሳስ ይቆጠራል፤ ከወንዙ የሚርቅ መንገድ ቁጥሩ ከወንዙ ይጀምራል። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1909 የተምታታውን ቁጥሯን ስታስተካክል ሁለት መንገዶች የሚገናኙበትን አንድ መስቀለኛ ቦታ ዜሮ አድርጋ ከዚያ ወደ አራቱም አቅጣጫ ቆጠረች፤ በየማይሉም 800 ቁጥር መደበች። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ መንገዶቿን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ታስነሳለች። ሦስቱም የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ነዋሪው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ማጣቀሻ መርጠው ያለ ልዩነት ተከተሉት።

በእኛ ከተሞች ብዙ ጊዜ የሚመቸው መሐል አደባባይ ነው፤ የድሮው ገበያ፣ የባቡር ጣቢያው ወይም ማዘጋጃ ቤቱ ያለበት። ወደ ውጭ የሚወጣ መንገድ ሁሉ መነሻው ወደ አደባባዩ የቀረበው ጫፉ ይሁን። ዙሪያውን የሚዞር መንገድ ከሰሜን ጫፉ ይጀምር፤ እንደ ቀለበት ገጥሞ የሚዘጋ ከሆነ ከዋናው መገናኛው ተነስቶ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይቆጠር። መውጫ የሌለው ቅያስ የሚጀምረው ከአፉ ነው፤ ከዚያ ውጪ ሊሆን አይችልም።

አንድ መንገድ ከየት እስከ የት አንድ መንገድ ነው የሚለው ክርክር ያስነሳል። ደንቡ አጭር ይሁን፦ አደባባይ ወይም መብራት ስላቋረጠው ብቻ የመንገድ ስም አይቀየር። ቀጥ ብሎ የሚቀጥል ከሆነ እስከ መጨረሻው አንድ ስም ይዞ ይሂድ። በሹል የሚታጠፍ ከሆነ ግን መታጠፊያው ላይ ስሙ ይብቃ፤ እንግዳ ሰው "ቀጥል" ተብሎ መታጠፍ የለበትም። በወንዝ ተቆርጦ ድልድይ የሌለው መንገድ ወዲህና ወዲያ ሁለት መንገድ ነው፤ በፕላን ላይ ወደፊት ይገናኛል ቢባልም። አምቡላንስ በፕላን ላይ አይነዳም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ስም ማውጣት

ኮሚቴው ከመሐንዲሱና ከመሬት አስተዳደሩ ባለሙያ ሌላ የባህልና ቱሪዝም ሰው፣ አንድ የቋንቋ መምህር፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኛ፣ የፖስታ ቤት ሰው፣ ከየሰፈሩ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት ቢይዝ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ሕግ፣ ሕዝቡ የሚጠራበት ስም ካለ እርሱ ይጽደቅ። ጤና ጣቢያው ያለበትን መንገድ ሰው "ጤና ጣቢያ መንገድ" ካለው፣ ነገ ጤና ጣቢያው ቢዛወርም ስሙ ይቆያል። ሰባራ ባቡር ዛሬም ሰባራ ባቡር ነው።

ስም ለሌላቸው መንገዶች ደግሞ መጀመሪያ የቦታውን ታሪክ ፈልጉ፤ የወንዝ፣ የዛፍ፣ የድሮ ገበያ ቀን፣ የሙያ ስም። በሰው ስም መሰየም ካስፈለገ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ካረፉ ቢያንስ ጥቂት ዓመት ያለፋቸው ይሁኑ። የአዲስ አበባው ኃይሌ ገብረሥላሴ ጎዳና ባለቤቱ በሕይወት እያለ የተሰየመ ነው፤ ሁሉም ሰው የተስማማበት ስም ስለሆነ ጸንቷል። እንዲህ ያለ ስምምነት ግን በየቀኑ አይገኝም። በሥልጣን ላይ ባለ ሰው ስም የተሰየመ መንገድ ሥልጣኑ ሲያልፍ ስሙን ይዞ ይሄዳል፤ ዕዳው ታፔላውን፣ ማኅተሙንና የንግድ ፈቃዱን ለሚቀይረው ነዋሪ ይተርፋል። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተብሎ ተመልሶ መስቀል አደባባይ የሆነበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። ሴቶችንም አትርሱ፤ እንደ ጣይቱ ጎዳና ያሉ ስሞች ጥቂት ናቸው። የከተማችሁን የመጀመሪያ አዋላጅ፣ የመጀመሪያ መምህርት፣ ገበያውን የመሠረተችውን ነጋዴ የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው።

ከዚህ በኋላ ስሙን በጆሮ ፈትኑት። አንዱ የኮሚቴ አባል ሌላ ክፍል ሆኖ በስልክ ያንብበው፤ ሌላው ይጻፈው። "ገነት መንገድ" እና "ቀነኒ መንገድ" በደከመ የስልክ መስመር፣ በሚያለቅስ ሰው አንደበት ሲሰሙ ይቀራረባሉ። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ስም አይኑር፤ "ማርያም መንገድ" ስንት ቦታ ሊኖር እንደሚችል ለእናንተ አይነገርም። "ላይኛው" እና "ታችኛው" እያላችሁ ከመለየት ይልቅ አንዱን በሰፈሩ ስም ጥሩት። ቁጥር ብቻ የሆነ የመንገድ ስምም አትስጡ፤ ከቤት ቁጥሩ ጋር ይጋጫል።

አጻጻፉን ቆልፉት። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እየተቀያየሩ ከተጻፉ ኮምፒዩተሩ አንዱን መንገድ ሦስት መንገድ ያደርገዋል። ቂርቆስና ጨርቆስ ሁለቱም የሚሰሙበት ሰፈር እንዳለ አስቡ። ለእያንዳንዱ ስም አንድ የፊደል አጻጻፍ፣ ክልሉ ሌላ የሥራ ቋንቋ ካለው በዚያም አንድ አጻጻፍ፣ በላቲን ፊደልም አንድ አጻጻፍ ይጽደቅ፤ ታፔላ ሠሪው በራሱ ጆሮ እንዳይጽፍ የጸደቀው ዝርዝር ከውሉ ጋር ተያይዞ ይሰጠው።

ረቂቁ ሲያልቅ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ በእድር አዳራሾችና በገበያ ላይ ለጥፋችሁ የሕዝብ አስተያየት ሰብስቡ፤ ከዚያ ምክር ቤት ቀርቦ ይጽደቅ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የከተማው ሕግ የሚታወጀው በአዲስ ነጋሪ ጋዜጣ ነው፤ ሌላ ከተማ ከሆናችሁ የክልላችሁን ሥርዓት ተከተሉ። ያልታወጀ ስም በፍርድ ቤት መጥሪያ ላይ ክርክር ያመጣል።

አራተኛ ደረጃ፦ ቁጥሩን ከመሬቱ ላይ ማንበብ

አሁን የሥራው ልብ ላይ ደረስን። ቤቶችን 1፣ 2፣ 3 ብሎ በተራ መቁጠር ቀላል ይመስላል። ሆኖም ከተሞቻችን ገና እየተሞሉ ናቸው። በ5 እና በ7 መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነገ ለሦስት ወራሾች ይከፈላል፤ ከነገ ወዲያ ፊቱ ለሱቅ ይወጣል። ያኔ "5ሀ፣ 5ለ፣ 5 አዲስ" እያሉ መለጣጠፍ ይመጣል።

በሜትር መቁጠር ይህን ሁሉ ያስቀራል። የቤቱ ቁጥር ከመንገዱ መነሻ እስከ በሩ ያለው ርቀት ነው፤ በግራ ያሉት ጎዶሎ፣ በቀኝ ያሉት ሙሉ (ለሁለት እኩል የሚካፈል) ቁጥር ይይዛሉ። ግራና ቀኝ የሚባለው ጀርባችሁን ለመነሻው ሰጥታችሁ ስትቆሙ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

የመለኪያውን ጎማ (እየተገፋ ርቀት የሚቆጥረውን መሣሪያ) መነሻው ላይ ዜሮ አድርጉና በመንገዱ መሐል ሂዱ። መንገዱ ሲታጠፍ አብራችሁ ታጠፉ፤ አቋራጭ የለም። ከግቢው በር ትክክል ስትደርሱ ቁሙና ንባቡን መዝግቡ። በሩ እንጂ ቤቱ አይለካም፤ ሰው የሚገባው በበሩ ነው። ክፍልፋዩን ጣሉት። የቀረው ቁጥር ከጎኑ ጋር የማይስማማ ከሆነ 1 ጨምሩ። ለምሳሌ 46.3 ሜትር ላይ በቀኝ ያለ በር 46 ይሆናል፤ በዚያው ርቀት በግራ ያለው 47 ይሆናል። ሱቆች ተጠጋግተው 47 ቀድሞ ተይዞ ከሆነ ቀጣዩ ጎዶሎ፣ 49፣ ይሰጥ። እርሱም ለሌላ በር የሚያስፈልግ ከሆነ 47/2 ይባል።

ቅያሱም ቁጥሩን የሚያገኘው በዚሁ ነው። ከጤና ጣቢያ መንገድ መነሻ 420 ሜትር ላይ በቀኝ የሚገነጠለው ቅያስ "ቅያስ 420" ይባላል። በውስጡ ደግሞ ከአፉ ተነስቶ እንደ አዲስ ይለካል። እንግዲህ አድራሻው "ጤና ጣቢያ መንገድ፣ ቅያስ 420፣ ቁጥር 37" ቢሆን፣ ከተማውን ረግጦ የማያውቅ ሾፌር በመንገዱ 420 ሜትር ሄዶ በቀኝ መታጠፍ፣ ከዚያ 37 ሜትር ገብቶ በግራ በኩል ማንኳኳት እንዳለበት ያውቃል። የሚያስፈልገው የመንገዱን መነሻ ማወቅ ብቻ ነው። ደቡብ ኮሪያ በዚህ ሐሳብ ትሠራለች፤ እሷ የምትቆጥረው በየ20 ሜትሩ ነው። የእኛ በሮችና ሱቆች ግን በጣም የተጠጋጉ ስለሆኑ በየሜትሩ መቁጠር ይሻለናል።

ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። መንገድ ሲሰፋና በኮሪደር ልማት አጥር ወደ ውስጥ ሲገባ፣ የተለወጠው የመንገዱ ስፋት ነው፤ በርዝመቱ የተለካው ቁጥር ባለበት ይቆያል። ባዶ ቦታም ገና ሳይሠራበት ቁጥሩ ተቀምጦለታል።

የሚያስቸግሩ ቦታዎች አሉ። የማዕዘን ቤት ቁጥሩን የሚያገኘው በሩ ከሚከፈትበት መንገድ ነው፤ ሁለት በር ካለው ለዋናው በር ይሰጥ፤ የኋላው በር ሌላ ቤተሰብ የሚጠቀምበት ከሆነ ግን የራሱ ቁጥር ይኑረው። በአንድ በር ስምንት የቀበሌ ቤቶች የሚገቡበት ግቢ አንድ ቁጥር ይኖረዋል፤ ውስጥ ያሉት ከበሩ ጀምሮ በግራ ዞሮ 137/1፣ 137/2 እየተባሉ ይቆጠራሉ። ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖርም ሰው ነው፤ የራሱ መስመር ይሰጠው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብሎኩ ሳይሆን ግቢው በመንገዱ ላይ ቁጥር ያገኛል፤ ከዚያ ብሎክ፣ ከዚያ ፎቁን በመጀመሪያው አኃዝ የሚያሳይ የቤት ቁጥር ይከተላል። ሳይቱ በርካታ መግቢያ ካለው እያንዳንዱ ብሎክ በየትኛው መግቢያ እንደሚደረስ በመዝገቡ ይጻፍ፤ አለዚያ የእሳት አደጋ መኪናው በተዘጋው በር በኩል ይመጣል።

ስለ ጨረቃ ቤቶች

አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች ካርታ ለሌላቸው ቤቶች ቁጥር መስጠት ይፈራሉ፤ ይዞታውን ያጸደቅን ይመስላል ብለው ነው። ስጋቱ ይገባኛል፤ መፍትሔው ግን ቤቱን አለመቁጠር አይደለም። እሳት ካርታ አይጠይቅም፤ ኮሌራም እንዲሁ። ቁጥሩን ስጡ፤ በምዝገባ ቅጹና በማረጋገጫው ላይ "ይህ ቁጥር ቦታን ለማመልከት ብቻ የተሰጠ ነው፤ የይዞታ ወይም የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም" የሚል በጉልህ ይጻፍ። በአደባባይ ስብሰባም ተናገሩት፤ ነዋሪውም ሰሌዳውን ገዝቶ ካርታ ያገኘ እንዳይመስለው፤ ደላላም ሰሌዳውን አሳይቶ እንዳይሸጥበት።

አምስተኛ ደረጃ፦ ታፔላና ሰሌዳ

የመንገድ ታፔላ በየመገናኛው፣ ከሁለቱም አቅጣጫ በሚታይ ቦታ ይቁም፤ በምሽት መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ይሁን። ከስሙ ሥር በዚያ ርዝመት ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ቢጻፉ፣ ለምሳሌ "300 → 420"፣ የሚፈልግ ሰው ግማሽ ድካሙ ይቀርለታል። የብረትና የአሉሚኒየም ታፔላ በሌሊት ተነቅሎ ለቆራሌው ሊሸጥ ይችላል፤ አጥር ላይ በቀለም መጻፍ ወይም ዋጋ የሌለው ፕላስቲክ መጠቀም ይሻላል።

የቤቱን ሰሌዳ በሩ ላይ አትምቱት። በር ይቀየራል፣ ሲከፈትም ወደ ውስጥ ይዞራል። ወደ መንገዱ መነሻ ባለው ምሰሶ ላይ፣ በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ ይሁን። የድሮው የቀበሌ ቁጥር አይነቀል፤ ጎን ለጎን ይቆዩ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ መዝገቡ

ሰሌዳው ለመንገደኛ ነው፤ ከተማው የሚሠራው በመዝገቡ ነው። ለእያንዳንዱ በር አንድ መስመር ይኑር፤ ለዘላለም የማይቀየርና ለሌላ የማይሰጥ መለያ ቁጥር፣ አዲሱ አድራሻ፣ የድሮ አድራሻዎቹ ሁሉ በየዘመናቸው፣ የበሩ የጂ.ፒ.ኤስ. መጋጠሚያ፣ የይዞታ መለያ ቁጥሩ ካለ፣ የቤቱ አገልግሎት፣ የተመዘገበበት ቀን። የፈረሰ ቤት መስመሩ አይሰረዝ፤ "የፈረሰ" ተብሎ ቀኑ ይጻፍ። ፍርድ ቤት ከአሥር ዓመት በኋላ ይጠይቃችኋል። የነዋሪዎችን ስም በዚህ መዝገብ አታስገቡ፤ አድራሻ የሕዝብ መረጃ ነው፤ ማን የት እንደሚኖር ግን አይደለም።

የድሮና የአዲሱ ማዛመጃ ሰንጠረዥ ሲያልቅ ለውሃና ፍሳሽ፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ለኢትዮ ቴሌኮም፣ ለገቢዎች፣ ለፍርድ ቤቶች፣ ለባንኮች፣ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ይድረሳቸው። ነዋሪው ራሱ በየቢሮው እየዞረ አድራሻ እንዲቀይር ማድረግ በደል ነው። የመሸጋገሪያ ጊዜም ስጡ። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 መጨረሻ ሁለቱንም አድራሻ ስትቀበል ቆይታ አዲሱን ብቻ ያስገደደችው ከ2014 መግቢያ ጀምሮ ነው። መታወቂያና ንግድ ፈቃድ በሚታደስበት ጊዜ ይቀየር እንጂ ማንም ለዚህ ብሎ ገንዘብ አይክፈል።

ይህ እስኪሆን ነዋሪው ምን ያድርግ?

ወረቀት ላይ አድራሻ ስትጽፉ ክፍለ ከተማውን፣ የአሁኑን ወረዳ፣ የቤት ቁጥሩን ጻፉና በቅንፍ የድሮውን ቀበሌ ጨምሩ። በተለይ ከውጭ አገር ውክልና የምትልኩ ይህን አትዝለሉት፤ ካርታው በድሮው አድራሻ ከሆነ በካርታው ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጡ። ለሾፌርና ለመልእክተኛ የበራችሁን ፕላስ ኮድ ከጉግል ካርታ ላይ አውጥታችሁ በስልካችሁ አስቀምጡ፤ 14 ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ቦታ ይለያል። የመንገድ ስምን ግን አይተካም፤ ደንግጦ የሚደውል ሰው ኮድ በቃሉ አይዝም።

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ የምትኖሩበት ከተማ ከካፒቶል (ከአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) ተነስቶ በአራት ማዕዘን የተከፈለ መሆኑን አትዘንጉ። አንድ ዓይነት የመንገድ ስምና ቁጥር ከአንድ በላይ በሆነ ማዕዘን ሊኖር ይችላል። እንግዳችሁን "ሰሜን ምዕራብ" ወይም "ደቡብ ምሥራቅ" የሚለውን ሳትነግሩት ከላካችሁት ከተማውን አቋርጦ ሌላ ሰው ቤት ያንኳኳል። ለ911 ስትደውሉም መጀመሪያ እርሱን ተናገሩ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ሥራውን ሕያው ማድረግ

ብዙ የአድራሻ ሥራ የሚሞተው ፕሮጀክቱ ተመርቆ ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወሩ ነው። ስለዚህ በማዘጋጃ ቤቱ መዋቅር ውስጥ ቢያንስ ሁለት ቋሚ ሠራተኞች ይመደቡ፤ አንዱ ለመዝገቡ፣ አንዱ ለመስኩ። ከግንባታ ፈቃድ ጋር አያይዙት፤ የአዲስ ቤት ሳይት ፕላን ሲጸድቅ የበሩ ቦታ ይታወቃልና ቁጥሩ ያን ቀን ይሰጥ፤ ሰሌዳው ሳይሰቀል የመጠቀሚያ ፈቃድ አይሰጥ። ይዞታ ሲከፈል ወይም ሲቀላቀል፣ መንገድ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ መረጃው በዚያው ሳምንት ወደ መዝገቡ ይግባ። ለ939 እና ለ907 ስልክ ተቀባዮች የዘመነው ካርታ በየወሩ ይላክ፤ የትኛውን አድራሻ ማግኘት እንዳቃታቸውም ጠይቋቸው፤ እነሱ ከሁሉ የተሻሉ አራሚዎች ናቸው። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ፣ መንገድ ሲጠገን፣ በየመንገዱ በእግር ተጉዛችሁ የወደቀውን ታፔላና የጠፋውን ሰሌዳ መዝግቡ፤ መተኪያውም በዓመቱ በጀት ውስጥ በስሙ ይያዝ።